የጾም ገበታና የእንስሳት ነገር
ከልደታ ሠፈር የተነሣ የታሪክ ሐተታ

በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን በልደታ ሠፈር፣ እንደ ብዙው የአገራችን ክርስቲያን መንደር ሁሉ፣ ምግብ ከቤት ወጥቶ በሰማይ ሥር ይበላል። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ቡና ይፈላል፤ ስንዴው፣ ሽምብራው፣ ባቄላውና አተሩ በአንድነት ተቀቅሎ ንፍሮ ይሆንና ለጎረቤቱም ለአላፊ አግዳሚውም በእፍኝ በእፍኝ ይታደላል። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በዓሉም ኢያቄምና ሐና ከዘመዶቻቸው ርቀው በሊባኖስ ተራራ ሳሉ ማርያም መወለዷን የሚያስታውስ ስለሆነ በደጅ ይከበራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ተወልዶ ያደገው በዚህ ሠፈር ነው፤ የመጀመሪያውን ንፍሮ የቀመሰውም በእናቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ነው።

የጽሑፉ ዓላማ ግን በዓሉን መተረክ አይደለም። ዓላማው ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ነው። እንስሳ የማይታረድበት፣ ወተትና ቅቤም የማይቀርብበት ገበታ በኅብረተሰባችን ውስጥ እንዴት ተደላደለ? ይህ ገበታ የተዘረጋው ለእንስሳው ታስቦ ነውን? ካልሆነስ፣ ዛሬ ለእንስሳው ታስቦ ሊዘረጋ ይችላልን? ጥያቄዎቹ ሲታዩ የቅንጦት ይመስሉ ይሆናል። ዳሩ ግን ሰው ከእርሱ በታች ባለው ፍጡር ላይ ሥልጣኑን እንዴት እንደሚጠቀም መመርመር፣ ሰው በሰው ላይ ሥልጣኑን እንዴት እንደሚጠቀም ከመመርመር የተለየ ነገር አይደለም።

ገበታው

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ጾመ ነነዌ 3 ቀን ይጾማል። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ጾመ ሐዋርያት፣ ገሃድ፣ እንዲሁም በየሳምንቱ የሚመላለሱት ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩ፣ አጥብቆ ለሚጾም ሰው የጾሙ ቀን በዓመት እስከ 250 ይደርሳል። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል አይቀመሱም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ምድር በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ይደነግጋል።

ሕግ ቢከለክልም ሆድ አይዘጋም። ዘመናት ያለፉት ክልከላውን ወደ ጥበብ በለወጡ ሴቶች እጅ ነው። ቅቤ ሲከለከል ኑጉን፣ ሱፉን፣ ሰሊጡንና ተልባውን ቆልተው፣ ወቅጠውና ጨምቀው ወዝ አወጡ። የባቄላ ዱቄት ከሰናፍጭ ጋር ቦክቶ ሥልጆ ሆነ፤ ምስሩ አዚፋ፣ ሱፉ ፍትፍት፣ ሽምብራው ሽሮ ሆነ። የሽምብራ ዱቄት ተለውሶ፣ በዓሣ መልክ ተቀርጾና ተጠብሶ «የሽምብራ ዓሣ» ተብሎ ለገበታ ሲቀርብ ያየ ሰው፣ ባለሙያዋ ወጥ ሠሪ ብቻ ሳትሆን ቀራፂም መሆኗን ይረዳል። የእነዚህ ሴቶች ስም በየትኛውም ዜና መዋዕል አልተጻፈም። ሥራቸው ግን ዛሬ በየምግብ ቤቱ «በያይነቱ» ተብሎ ይታዘዛል፤ ከአብዮቱ ወዲህ የተሰደዱት ወገኖቻችን በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች በከፈቷቸው ምግብ ቤቶችም ሥጋ የማይበላ የውጭ አገር ሰው ፈልጎት ይመጣል።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ገበታ የተዘረጋው በሌላ ምክንያት ነበር። የሕንዱ ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ ባስቀረጻቸው ዐዋጆች በቤተ መንግሥቱ ማዕድ ቤት የሚታረደው እንስሳ እንዲቀነስ አዟል። በ11ኛው መቶ ዓመት ያረፈው ዐይነ ስውሩ የሶርያ ባለቅኔ አል-መዓሪ፣ ወተት የግልገሉ፣ ማርም የንቡ ነው በማለት ሥጋንም ወተትንም ማርንም ትቶ ኖሯል። በ1944 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም በ1937 ዓ.ም.፣ ዶናልድ ዋትሰን የተባለ እንግሊዛዊ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ ከእንስሳ የተገኘን ማናቸውንም ነገር የማይጠቀመውን ሰው «ቪጋን» ብሎ ሰየመው። ስሙ አዲስ ነበር፤ ሰሃኑ ላይ ያለው ነገር ግን ለአንዲት የልደታ እናት የረቡዕ ምሳዋ ነው።

የገበታው ምክንያት

የሰሃኑ አንድ መሆን ግን የሐሳቡን አንድ መሆን አያሳይም። የጾም ዓላማ የጿሚውን ሥጋዊ ፈቃድ ማድከም ነው፤ ስለ በጉ ወይም ስለ ላሟ የሚለው ነገር የለም። እንዲያውም በ4ኛው መቶ ዓመት በጋንግራ የተሰበሰበው ጉባኤ ሥጋ መብላትን እንደ ኃጢአት የሚያዩትን ሰዎች አውግዟል። ሥጋ የሚተወው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን መልካም ስለሆነ ነው፤ መልካሙን መተው ነው መሥዋዕት የሚሆነው። በሌላ በኩል ጾምን የሚያዘው መጽሐፍ ራሱ የተጻፈው በብራና ላይ ነው፤ ብራናውም የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። ጿሚው በጾሙ ቀን ቁርበት ላይ ቢቀመጥ፣ በጠፍር አልጋ ላይ ቢተኛ ጾሙ አልተሻረም።

ከዚህ ሌላ ገበታው ቁሳዊ መሠረት አለው። በገበሬው ቤት ከብት በመጀመሪያ ደረጃ የምርት መሣሪያ እንጂ ምግብ አልነበረም። በሬው ሞፈርና ቀንበር ይስባል፤ ላሟ የወደፊቱን በሬ ትወልዳለች። ሥጋ የበዓል ነገር ነበር። ለበዓልም ቢሆን ጭሰኛው ያሳደገውን በግ ለባለርስቱ እጅ መንሻ አቅርቦ፣ ራሱ በሽሮ የሚያሳልፍበት ጊዜ ብዙ ነበር። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት አዳራሽ ግብር ሲበላ ግን ብርንዶው በሰው ትከሻ ተይዞ በእንግዶች መካከል ይዞር ነበር። ስለዚህ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ፣ የዐዋጁ ጾም ለጌታውም ለጭሰኛውም አንድ ቢሆንም፣ ፍስኩ ግን አንድ አልነበረም ማለት ይቻላል።

በሬ ሲሞት

የእንስሳው ዋጋ ለሰፊው ሕዝብ በጉልህ የታየው በክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የኢጣሊያ ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ በሰሜን ጀምሮ ጥቂት ዓመት ሳይሞላው አገሪቱን አዳረሰ። ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በዘለቀው ረኀብ የሞተው ሰው ቁጥር የለውም። ዝናብ መጥፋቱና አንበጣው ሲጨመር፣ መሬት ያለው ገበሬ በሬ ስላጣ ብቻ መሬቱን ጾም አሳደረ። «ጾም አደረ» የሚለው አነጋገራችን ሰውንም እርሻንም የሚያጠቃልል መሆኑን ልብ ይሏል። ዳግማዊ ምኒልክ በእጅ መቆፈር ነውር አለመሆኑን ለማሳየት ራሳቸው ዶማ አንሥተው ቆፍረዋል። በዚያ ዘመን ሰው ከዚያ በፊት የማይነካውን አህያና ፈረስ እስከ መብላት ደርሷል።

ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ትዝታው ግን ገበሬው ለበሬው ባለው አያያዝ ውስጥ ቀርቷል። ገበሬ ለበሬው ስም ያወጣል፤ በስሙም እየጠራ ያርሳል፤ በዜማ ያባብለዋል፤ ሲቆጣውም እንደ ሰው ይወቅሰዋል። ኦሪት ዘዳግም በሚያበራይበት ጊዜ የበሬው አፍ እንዳይታሰር ያዛል። ይህ ትእዛዝ በአውድማ ላይ ትርጉም የሚኖረው፣ የድካሙን ፍሬ መቅመስ ለሠራተኛው በሬም የሚገባው ነው ተብሎ ሲታመን ነው።

ቅድስናና ሕግ

ለእንስሳት የሚያስብ ኅሊና በኪነ ጥበባችንም ውስጥ አለ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ያላየ የለም። ጸጉር እንደ ልብስ የሸፈናቸው ጻድቅ ቆመዋል፤ በግራና በቀኝ አንበሶችና ነብሮች ተኝተዋል፤ አንዲት ወፍ ከዐይናቸው እንባ ትጠጣለች። ሠዓሊው በዚህ ሥዕል የተናገረው ነገር ቀላል አይደለም። ቅድስና ማለት አውሬ የማይሸሸው፣ የተጠማች ወፍም እንባውን የማይነፍጋት ሰው መሆን ነው እያለ ነው። በእስልምና ሥርዓትም ዐራጁ ቢላውን አስቀድሞ እንዲስል፣ ነገር ግን በእንስሳው ፊት እንዳይስል ታዟል። የአንዱን እምነት ዕርድ ሌላው ባይበላም፣ ሁለቱም ወገን የፈጣሪን ስም ሳይጠራ ቢላ አያነሣም። ስም መጥራቱ ራሱ፣ የሚወሰደው ሕይወት የሰው ንብረት ብቻ አለመሆኑን ማመን ነው።

ዘመናዊው ሕግም በጉዳዩ ላይ ዝም አላለም። ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በእንስሳት ላይ ጭካኔ መፈጸምን በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል። ይኸው ሐሳብ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም ውስጥ ቀጥሏል። እንግዲህ የሚከለክል ሕግ ከኖረን ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗል። የልደታን መንገድ ጠዋት ጠዋት የሚያይ ሰው ግን ሕጉን የሚያውቅ አህያ ነጂ መኖሩን ይጠራጠራል። ጀርባዋ በቆሰለ አህያ ላይ ኩንታል ይጫናል፤ ዐቀበቱ ላይ ስትወድቅ ዱላ ይከተላል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት እዚህ ተገልብጧል፤ ጫኙን የፈራ ሁሉ አህያዋን ይመታል። ነጂውም ቢሆን የዕለት እንጀራው በዚያች ጀርባ ላይ የተንጠለጠለ ድኻ ስለሆነ፣ ጭካኔውን ከድህነቱ ለይቶ መፍረድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በማረጃው ቤት

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በልጅነቴ አባቴ በሆሣዕና ሰሞን በግ ገዝቶ በግቢያችን ውስጥ ያስር ነበር። ፉርሽካ የማቀርብለት፣ ውኃ የማጠጣው እኔ ነበርሁ። አንድ ዓመት ስም አወጣሁለት። እናቴ ሰማችኝና «ልጄ፣ ለሚበላ ነገር ስም አይወጣለትም» አለችኝ። የትንሣኤ ሌሊት ጋቢ ውስጥ ተሸፋፍኜ ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝሁ። ጧት ግን በላሁ፤ ጣፈጠኝም። ይህን መደበቅ አይገባኝም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የልደታ አሮጌ መንደር ፈርሶ በቦታው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲነደፉ ነዋሪው እንጀራ የሚጋግርበትና እንስሳ የሚያርድበት የጋራ ቤት አብሮ ታስቧል። ሐሳቡ የአኗኗራችንን ልማድ ያገናዘበ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በአንድ የትንሣኤ ዋዜማ የቤታችንን በግ እየሳብሁ ወደዚያ ቤት ወረድሁ። በዱሮው ግቢ እያንዳንዱ በግ የሚታረደው ለብቻው ነበር። እዚህ ግን ተራ ነበር። ከእኛ በፊት አራት በጎች ቆመዋል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ያያሉ። የእኛው በግ በተራው መካከል ቆሞ ከእጄ ላይ የቀረውን ፉርሽካ ይልስ ነበር። «በሬ ካራጁ ይውላል» የሚለውን ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ዐራጁ እኔ መሆኔ ታወቀኝ።

ገመዱን ለጎረቤታችን ሰጥቼ «ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ይጨርሱልኝ» አልሁና ወደ ቤት ወጣሁ። ይህ ጀግንነት አልነበረም፤ በጉ ታርዷል። ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ቤተሰቡ በገበታው ዙሪያ ሲሰበሰብ እኔ እንደማልበላ ተናገርሁ። እናቴ የዘረጋችውን ጉርሻ መለሰችና «ጾሙን የፈታው ጌታ ነው፤ አንተ ማን ነህ የምታስረው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በአገራችን ጉርሻ መመለስ ምግብ መመለስ ብቻ ሳይሆን ሰውን መመለስ ነው። ሥጋው ረክሷል ማለቴ እንዳልሆነ፣ ራሴንም ከወገኖቼ በላይ ጿሚ ማድረጌ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከርሁ፤ ነገሩ ግን ሁሉ ለጆሮዋ ትዕቢት ሆነ።

በማግስቱ ብቻችንን ስንቀመጥ እርሷው ጀመረች። እርሷ ያደገችው በገጠር ነው። አባቷ የሚያርስበት አንድ በሬ ሲሞትበት ሦስት ቀን እህል እንዳልቀመሰ ነገረችኝ። «ሌላኛው በሬስ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሲያረጅ ለነጋዴ ሸጠው።» «ወዴት ሄደ?» ጥቂት ዝም አለችና «ወዴት እንደሄደ አልጠየቅንም» አለች። ምሽቱን ገበታ ሲቀርብ በአንድ ጥግ ቅቤ ያልገባበት ሽሮ ነበር። «ለእርሱ የጾሙን አውጡለት» አለች እንጂ ሌላ ነገር አልተናገረችም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የምበላው ያንኑ ነው።

«አልጠየቅንም» የሚለው ቃል የአንድ ቤት ብቻ አይመስለኝም። ከተማችን ከልደታ ብዙ በማይርቀው ቄራ የሚታረደውን ከብት በየሥጋ ቤቱ ተሰቅሎ ያገኘዋል። በዐቢይ ጾም ብዙዎቹ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ግድግዳቸው ይታደሳል፤ ፋሲካ ሲሆን ይከፈታሉ። በሚዘጉበትም በሚከፈቱበትም ጊዜ ውይይቱ ስለ ሰው ነው።

የአህያ ጉዳይ

ይሁን እንጂ ሕዝባችን ስለ እንስሳ አንዳች ነገር ጠይቆ የሚያውቅበት ጊዜ አለ። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ነበር። ቆዳው ወደ ቻይና የሚላከው «ኧጃኦ» የተባለውን ባህላዊ መድኃኒት ለማምረት ነበር። የከተማው ነዋሪ ተቃወመ፤ የአካባቢው አስተዳደርም ቄራውን ዘጋ። ኢትዮጵያ ብዙ አህያ ካላቸው የዓለም አገሮች ግንባር ቀደም በመሆኗ ነገሩ በዚያ አልቆመም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በዚሁ በአዲስ አበባ ባደረጉት ጉባኤ አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድን በአህጉሩ ደረጃ አገዱ።

የተቃውሞው ምክንያት ሲመረመር ብዙ ገጽታ ያለው ሆኖ ይገኛል። ግማሹ አህያ በሃይማኖት የማይበላ እንስሳ መሆኑ ነው። ግማሹ የድኻው፣ በተለይም ውኃና ማገዶ የምትሸከመው ሴት፣ የሥራ ረዳት መጥፋት ነው። ነገር ግን ከዚህ ሌላ «ስትለፋልን ኖራ እንዲህ አይደረግባትም» የሚል የምስጋና ስሜትም ነበረበት። ይህ ስሜት ለአህያ ከተገኘ ለበሬው የማይገኝበት ምክንያት ምንድን ነው? በሬውም ለፍቷል። ልዩነቱ በሬው ስለሚጣፍጥ ብቻ ከሆነ፣ ክርክሩን ያሸነፈው ኅሊና ሳይሆን ምላስ ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተለያይተው እንደኖሩ እንረዳለን። በአንድ በኩል እንስሳ የማይነካበት፣ በዘመናት ጥበብ የበለጸገ ገበታ አለን፤ ገበታው ግን ስለ እንስሳው አያስብም። በሌላ በኩል ስለ እንስሳው የሚያስብ ኅሊና በአውድማው፣ በሥዕሉ፣ በሕጉና በአህያው ጉዳይ ላይ ታይቷል፤ ኅሊናው ግን ወደ ገበታው አልቀረበም። ሌሎች ሕዝቦች አሳቡን ይዘው ምግቡን ሲፈልጉ ደክመዋል። እኛ ምግቡን ይዘናል፤ የጎደለን አሳቡ ነው።

ይህን ስል የአርብቶ አደሩን ወገናችንን ወተት ለመንቀፍ፣ ሥጋን በዓመት አንዴ የሚያገኘውን ድኻ ለመውቀስ አይደለም። ብዙ ልጅ በምግብ እጥረት በሚቀጭጭበት አገር እንቁላል ክፉ ነው ብሎ መስበክም ኃላፊነት የጎደለው ይሆናል። የምለው መጠየቅ እንጀምር ነው። መምህሩ ስለ እንስሳት ጭካኔ የተደነገገውን ሕግ ለተማሪው ያስተምር። የሠፈር መሪው በማረጃው ቤት በግ በግ ፊት እንዳይታረድ መጋረጃ ያስደርግ፤ ይህ የአንድ አቡጀዴ ወጪ ነው። ሠዓሊው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ወፍ የሣለበትን ብሩሽ የቆሰለችውን አህያም ለመሣል ያንሣው። የበቃውም ሰው፣ ጾሙ ሲፈታ፣ ከፈቀደ የጾሙን ገበታ በሌላ ምክንያት ያቆየው።

ለዚህም አብነት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይወርድም፤ ከሚያዝያ 30ም አይወጣም። ስለዚህ ግንቦት 1 ቀን ምንጊዜም የሚውለው ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾሙባቸው በ50ዎቹ የፍስክ ቀናት ውስጥ ነው። በዚያን ቀን ሥጋ የሚከለክል ሕግ የለም፤ በግ የሚያርድ ቤትም አይጠፋም። ልደታ ግን በደጅ ወጥታ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ በዓሏን በንፍሮ ታከብራለች። ባለፈው ግንቦት እናቴ ንፍሮውን ስታድል እኔ ዘንድ ስትደርስ ቆም አለችና እፍኟን አብዝታ ሰጠችኝ። «ይኸው» አለችኝ፤ «ዛሬ ሁላችንም ያንተን ነው የምንበላው።»